የራስ ቆዳ ንቅሳት ለሳሳ ፀጉር፦ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ለሚነሣ ሰው

የራስ ቆዳ ንቅሳት ፀጉር አያበቅልም። ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የምናገረው ማንም ሰው ጥሪቱን አራግፎ «ፀጉር ላስበቅል» ብሎ አዲስ አበባ እንዳይሄድ ስለምፈልግ ነው። ሥራው እንዲህ ነው፦ እጅግ ቀጭን መርፌ ያለው መሣሪያ አንድ ሚሊ ሜትር በማይሞላ ጥልቀት ከላይኛው ቆዳ ሥር ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች ያኖራል። ራሱን ለተላጨ ወንድ ነጥቦቹ ገና ብቅ ያለ ፀጉር ይመስላሉ። ፀጉሯ ለሳሳባት ሴት ደግሞ በፀጉሩ መካከል የሚያበራውን ቆዳ ያጠቁሩላታል፤ ያላት ፀጉርም ሞላ ብሎ ይታያል። መሳሳቱ ግን በነበረበት ይቀጥላል።

ጎጃም ለንቅሳት እንግዳ አይደለም። የእናቶቻችንን አንገት ልብ ብሎ ያየ ሰው ስለዚህ ሥራ ዋናውን ነገር ተምሯል። ሲነቀስ ጥቁር የነበረው ጥላሸት ዓመታት ሲያልፉ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ አድልቷል፤ ቀጭኑ መስመርም ወፍሯል። ጥቁር ቀለም ቆዳ ውስጥ ጠልቆ ሲቀመጥ ለዓይን ሰማያዊ መስሎ ይታያልና ነው። አንገት ላይ ያ ውበት ነው። ፀጉር እንዲመስል ግንባር ላይ የተነቀሰ ነጥብ ሰማያዊ ሆኖ ሲሰፋ ግን ባለቤቱ ባርኔጣውን ማውለቅ ይቸግረዋል። ስለዚህ ጥልቀቱን የሚያውቅ እጅ መፈለግ ግድ ነው። እጁ ከተገኘ በኋላም የሥራው ግማሽ የሚቀረው ለባለቤቱ ነው፤ ያም የሚሠራው ቤት ከተመለሱ በኋላ ነው። ከተማ ውስጥ የሚሰጠው የእንክብካቤ ምክር አብዛኛውን ጊዜ ቢሮ ለሚውል ሰው የታሰበ ነው። ስለ በርበሬ ብናኝ፣ ስለ ለጋ ቅቤ፣ ስለ ጠበል፣ ስለ ውቂያ አያነሣም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ለዚያ ክፍተት ነው።

ፀጉሩ ለምን ሳሳ?

ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት የመሳሳቱን ምክንያት ይወቁ። ወባን ወይም ታይፎይድን የመሰለ ብርቱ ትኩሳት ያለበት ሕመም ከያዘዎት ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ፀጉር በማበጠሪያ እየታፈሰ ሊወጣ ይችላል። ከወለደች ሦስት አራት ወር የሆናት እናትም እንዲሁ ያጋጥማታል። ይህ ዓይነቱ መርገፍ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ራሱ ይመለሳል፤ ተመልሶ ለሚበቅል ፀጉር ንቅሳት ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው። የደም ማነስም ፀጉርን ያሳሳል። እንቅርት በአካባቢያችን የታወቀ ነው፤ በእንቅርት የሚያብጠው የአንገት ዕጢ ሥራ ሲዛባ ፀጉር ይረግፋል። አንገታቸው ያበጠ፣ ያለ ምክንያት የሚደክማቸው፣ ብርድ የማይችሉ ሰዎች መጀመሪያ የደም ምርመራ ያድርጉ።

ክብ ክብ ሆኖ የተመለጠ፣ ቅርፊት ያለውና የሚያሳክክ ከሆነ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ቆረቆር በፈንገስ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ነው። የሚድነው በሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ ቅባት ብቻውን አያድነውም። በዚያ ላይ መርፌ ማስወጋት በሽታውን ወደ ጤነኛው ቆዳ ማስፋት ነው። በተቃራኒው ቆዳው ልሙጥ ብሎ የሚያብረቀርቅ፣ የፀጉር ቀዳዳ የማይታይበት፣ የሚያቃጥል ከሆነ ፀጉሩን ከሥሩ የሚያጠፋ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም «ሕመሙ ቆሟል» ሳይልዎት አይነቀሱ።

ብዙ ሴቶች ዘንድ መሳሳቱ የሚጀምረው ከጆሮ ግንድ በላይና ከግንባር ጠርዝ ነው። ምክንያቱም ከልጅነት ጀምሮ ጥብቅ ብሎ የሚሠራ ሹሩባ ነው። ይህ በጊዜ ከተደረሰበት ሹሩባውን በማላላትና ፀጉሩን በማሳረፍ ብቻ ሊመለስ ይችላል፤ ዓመታት ካለፉት ግን ሥሩ ይሞታል፣ ያኔ ንቅሳት ይታሰባል። ልጆች ያሏችሁ እናቶች የሴት ልጆቻችሁን ሹሩባ ከአሁኑ አላሉት።

ለዚህ ምርመራ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ካለው ሆስፒታል ይጀምሩ። የቆዳ ሐኪም ካስፈለገ ሪፈር አጽፈው ወደ ባሕር ዳር ይሂዱ። አዲስ አበባ ከዘለቁም ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና ከታወቀ ብዙ ዘመኑ ነው። ለንቅሳት ብለው ያን ሁሉ መንገድ ከሄዱ አንድ ቀን ለቆዳ ሐኪም ቢጨምሩ አይቆጭዎትም።

አንዳንድ ሰው ጭራሽ ባይነቀስ ይሻለዋል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳው እያበጠ የሚያድግበት፣ ኬሎይድ የሚባለው ያለበት ሰው ይህን ሥራ ይተው። የክንድዎን የክትባት ጠባሳ፣ ጆሮዎ የተበሳበትን ቦታ ይመልከቱ፤ ከቁስሉ አልፎ ያበጠ ካለ ራስዎ ላይም ሊደገም ይችላል። ማጅራታቸው ላይ ከተላጩ በኋላ ጠጣር ሽፍታ የሚወጣባቸው ወንዶችም ለባለሙያው አስቀድመው ያሳዩ። ለምጽ ያለበት ሰው በተወጋበት ቦታ ሁሉ ለምጹ ሊወጣበት ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ትቆይ። የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ እስኪስተካከል ይጠብቅ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት በሐኪም የታዘዘለት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ፤ በራሱ ፈቃድ እንዳያቆም አደራ እላለሁ፣ ለፀጉር ተብሎ ነፍስ አትጣልም።

ከወቅቱ ጋር ያስማሙት

ሥራው በአንድ ቀን አያልቅም። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ነው፤ በዙሮቹ መካከል ከአንድ ሳምንት እስከ ጥቂት ሳምንታት ያርፋል፤ ከመጨረሻው ዙር በኋላም አንድ ወር ያህል ጥንቃቄ አለ። ባጠቃላይ ሁለት ወር ገደማ ያስቡ። ያ ሁለት ወር በምዕራብ ጎጃም ምድር የት ቦታ ይገባል? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ጊዜ አልመክርም። በቆሎና ጤፍ የሚሰበሰብበት፣ አውድማ የሚወቃበት ወቅት ነው፤ እብቁና ላቡ አንድ ላይ ራስ ላይ ይወርዳሉ። የቡሬና የጃቢ ጠህናን በርበሬም የሚለቀመው፣ የሚሰጣው፣ በየገበያው በጆንያ የሚገላበጠው በዚያው ሰሞን ነው። የበርበሬ ብናኝ ጤነኛ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ለአካባቢው ሰው አልነግርም፤ አሁን የተወጋ ራስ ላይ ሲያርፍ ግን ያቃጥላል፣ ያሳክካል፤ ሰውየውም ሳያውቀው እያከከ ቅርፊቱን ከነቀለሙ ያነሣዋል። በዚህ ላይ ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ፣ ውኃ እየተረጨ የሚዋልበት በዓል። ሠርጉም የሚበዛው በጥር ነው። ለጥር ሠርግ መድረስ የሚፈልግ ሰው በመስከረም ጀምሮ በጥቅምት ቢጨርስ ለሠርጉ ቀን ቀለሙ ረግቶ፣ ቆዳው ድኖ ይደርስለታል።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ፀሐዩ ይበረታል፣ አቧራው ይነሣል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ 2100 ሜትር ገደማ ነው። የፀሐይ አልትራ ቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ መስሎን የምንናቀው የደጋ ፀሐይ ቆዳን በደንብ ይጠብሳል፣ አዲስ ቀለምንም ያደበዝዛል።

ለመምህር፣ ለነጋዴ፣ ለመንግሥት ሠራተኛ የምመርጠው ክረምቱን ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደመና አለ፣ አቧራው ተኝቷል፣ የበርበሬው ሥራ ገና ነው፣ መምህሩም ዕረፍት ላይ ነው። ዝናቡን ግን በጃንጥላ መከላከል ያስፈልጋል። ፍልሰታን ሱባኤ ገብተው ጠበል የሚጠመቁ ከሆነ ሥራውን ወይ ሰኔ ላይ ጀምረው ከነሐሴ 1 በፊት ሦስት ሳምንት እንዲተርፍዎት ያድርጉ፣ ወይ ከፍልሰታ በኋላ ይጀምሩ። ገበሬ ክረምቱን ከማሳው አይለይም፤ ለእሱ የሚሻለው አረሙ ካለቀ በኋላ፣ አጨዳው ሳይገባ ያለው የመስከረምና የጥቅምት ጊዜ ነው። ፀሐዩ ያን ጊዜ ይወጣል፤ ሰፊ ባርኔጣ የግድ ይላል።

ስለ መንገዱም ልናገር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በክልላችን በግጭቱ ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ቀን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ቀጠሮ ሲይዙ ባለሙያውን «ሁለተኛው ዙር ቢዘገይብኝ ምን ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ። ዙሩ በሳምንታት ቢዘገይ ሥራው አይበላሽም፤ ቆዳው ሳይድን ቢደገም ግን ይበላሻል። ስለዚህ መንገድ ተዘጋ ብለው አይጨነቁ፣ «ሁለቱን ዙር በአንድ ጊዜ ይሥሩልኝ» ብለውም አይለምኑ። አዲስ አበባ የሚያሳርፍ ዘመድ ካለ ለመጀመሪያው ዙር ሦስት አራት ቀን እንዲያስተናግድዎ ይንገሩት።

ባለሙያውን ሲመርጡ

የሚያሳዩዎትን ፎቶ ሁሉ አይመኑ። በሥራው ዕለት የተነሣ ፎቶ ሁልጊዜ ያምራል። «ከዓመት በኋላ እንዴት ሆነ?» ብለው ይጠይቁ፤ ያውም እንደ እርስዎ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ባለው ሰው ላይ የተሠራውን። ለቅንድብ የሚውለውን ቀለም ራስ ላይ የሚጠቀም ቤት ካጋጠመዎት ይመለሱ፤ እንዲህ ያለው ቀለም ሲቆይ ወደ ቀይ ወይም ወደ ሰማያዊ ሊያደላ ይችላል። የቀለሙን ስምና የምርት ቁጥር በወረቀት ይጻፉልኝ ይበሉ። የሁሉም ዙር ዋጋ ተደምሮ ስንት እንደሆነም ከመጀመሪያው ይነጋገሩ።

ንጽሕናውን በዓይንዎ ይዩ። መርፌው ከታሸገበት ፊትዎ ይከፈት፤ ከእርስዎ በኋላ ይጣል። ቀለሙ በትንሽ ክዳን ይቀዳ፤ የተረፈው ወደ ጠርሙሱ አይመለስ። ባለሙያው አዲስ ጓንት ያድርግ፤ በዚያ እጁ ስልክ ካነሣ ይቀይር። በየጤና ጣቢያው ስለ ኤች.አይ.ቪ ሲያስተምሩን በጋራ መርፌ መነቀስን ያነሡት የነበረው በምክንያት ነው። የጉበት ቫይረስ የምንለው ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልወሰዱ አስቀድመው ይውሰዱ፤ ለአዋቂ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ይሰጣል። ከብትና ፍግ ባለበት ግቢ የሚኖር ሰው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱንም ያጣራ።

የግንባሩን መስመር ሲስሉልዎት መስታወት ይያዙ፤ አይቸኩሉ። በሃያ ዓመትዎ የነበረዎትን ዝቅ ያለና ቀጥ ያለ መስመር መመኘት ያለ ነው፤ ዛሬ ያማረ ይመስላል፣ በሃምሳ ዓመት ፊት ላይ ግን የተሳለ መሆኑ ያስታውቃል። ትንሽ ገባ ያለ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ መስመር ዕድሜን ይመስላል። ፀጉርዎ መሸበት ከጀመረም ያስቡበት፦ የቀረው ፀጉር ይነጣል፣ ነጥቡ እንደጠቆረ ይቆያል። ሐሳብ ቢቀይሩ ማስጠፋት የሚቻለው በሌዘር ነው፤ እሱም ለጠቆረ ቆዳ የሚስማማውን፣ 1064 ናኖ ሜትር የሚባለውን ዓይነትና የሚያውቅ ሐኪም ይፈልጋል። ያለዚያ ቆዳውን ቦታ ቦታ ያነጣዋል።

ጥቂት ቀለም ከጆሮ ጀርባ ተወግቶ አንድ ሁለት ቀን ቢታይ ጥሩ ነው። በጥቁር የፀጉር ቀለም ወይም በጥቁር ሂና ቆዳዋ ተቆጥቶ የሚያውቅ ሴት ይህን ሳትደብቅ ትናገር።

በሃይማኖት በኩል የሚያሳስብዎት ካለ የንስሐ አባትዎን አስቀድመው ያማክሩ። ንቅሳትን የሚከለክለውን ዘሌዋውያን 19፥28ን የሚያነሣ ሰው በኋላ አይጠፋም፤ ቀለሙ ከገባ ወዲያ የሚመጣ ጸጸት ከባድ ነው።

የመጨረሻው ሳምንት

ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት ራስዎን ለፀሐይ አይስጡ፤ የተቃጠለ ቆዳ ላይ አይሠራም። ፀጉር የሚቀቡ ከሆነ ሳምንት ቀደም ብለው ይቀቡ። ለፀጉር መሳሳት የሚሰጠውን ሚኖክሲዲል የሚጠቀሙ ከሆነ መቼ አቁመው መቼ እንደሚቀጥሉ ባለሙያውንና ሐኪምዎን ይጠይቁ። ጠላም ሆነ አረቄ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ያቁሙ፤ መድማቱን ያበዛል፣ የሚወጣው ደምም ቀለሙን አጥቦ ያስወጣል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ለራስ ምታት ብለው አይዋጡ። ቅቤ የተቀባ ራስ ሁለት ሦስት ጊዜ በሳሙና ካልታጠበ ቅባቱ አይለቅምና በዋዜማው ደጋግመው ይታጠቡ።

በጾም ቀን ለመሄድ ካሰቡ ይጠንቀቁ። ሥራው ሦስት አራት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ባዶ ሆድ ያለ ሰው መሐል ላይ ይዞረዋል። ሳይጾሙ በሚውሉበት ቀን ቢያደርጉት ይሻላል፤ ካልሆነ ደግሞ ቀጠሮውን ከሰዓት በኋላ አድርገው እህል ከቀመሱ በኋላ ይግቡ።

በዕለቱ የፊት ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ይልበሱ፤ በራስ በኩል የሚወልቅ ሹራብ ሲያወልቁት ቁስሉን ይፈትገዋል። ሕመሙ የሚቻል ነው፤ ግንባርና ጆሮ አካባቢ ይበረታል። ማደንዘዣ ቅባት ከተቀቡ ስሙን ይጠይቁ።

ወደ ቤት

አዲስ አበባ ከፍኖተ ሰላም ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ቡሬ ከዚያ ይርቃል። ከሥራው ማግስት አውቶቡስ አይሳፈሩ። የዓባይ በረሃ ሙቀት ያልባል፣ በመስኮቱ አቧራ ይገባል፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን የመቀመጫው መደገፊያ ነው። ስንት ሰው ራሱን ያስደገፈበት ያ ጨርቅ ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ ቁስልዎን ሲያሽ ይሄዳል። ቢያንስ ሁለት ሦስት ሌሊት ይቆዩ። ሲሳፈሩ የታጠበ፣ በካውያ የተተኮሰ ነጠላ ይዘው መደገፊያው ላይ ይጣሉ፤ እንቅልፍ ከያዘዎትም አንገትዎ እንጂ ራስዎ እንዳይደገፍ ሌላ ጨርቅ ጠቅልለው አንገትዎ ሥር ያድርጉ። ከአውቶቡስ ወርደው ሞተር ሳይክል የሚሳፈሩ ከሆነ የሰው ሔልሜት አያድርጉ፤ ያለ ሔልሜት መሄድም አደጋ ነውና የመጨረሻዋን ጉዞ በባጃጅ ይሂዱ።

የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት

ራስዎን አያርጥቡ። ባለሙያው የተለየ ነገር ካላዘዘዎት በስተቀር ምንም አይቀቡ። አይንኩ፣ አያክኩ። ነጥቦቹ ከጠበቁት በላይ ጠቁረውና ትልልቅ ሆነው ቢታዩ አይደንግጡ፤ ቅርፊቱ ሲረግፍ ያንሳሉ።

ላብ የዚህ ሰሞን ጠላት ነው። ማረስ፣ መቆፈር፣ እንጨት መፍለጥ ይቅር። ሴቶች እንጀራ መጋገሩን ለሌላ ሰው ይተዉ፤ የምጣዱ ወላፈንና ጭስ ራስን ያልባል፣ ያሳክካል። ይህን ለባልና ለልጆች አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ «አልታመመችም እኮ» ብለው ካዘዟት አራቱ ቀን በምድጃ ዳር ያልቃል። ዝንብ ባለበት ቤት ራስን የማይጫን ስስ ንጹሕ ነጠላ ላላ አድርጎ መጣል ይቻላል። ሻሽ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ግን አይሆንም። የትራስ ልብስዎን በየቀኑ ይቀይሩ፤ የሌላ ሰው ሻሽም ሆነ ባርኔጣ አይዋሱ።

ቅቤ! የገጠሩ ቤት ሁሉ «ራሷን አሳምሟታል፣ ለጋ ቅቤ ይደረግላት» ማለቱ አይቀርም፤ በፍቅር የሚደረግ ነው። ነገር ግን ቅቤው ቀዳዳውን ይደፍናል፣ አቧራውንና ዝንቡን ይሰበስባል፣ ለጀርም ምግብ ይሆናል፤ እየቀለጠም ቅርፊቱን አለስልሶ ያለ ጊዜው ያነሣዋል። አደስ የገባበትም፣ ያልገባበትም ያው ነው። ቡና መነስነስ፣ ፌጦ፣ ማር፣ እሬት፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የጉሎ ዘይት፣ ሁሉም ለአንድ ወር ይቆዩ። አማትዎ ወይም እናትዎ ቅቤውን ይዘው ከመጡ «እማዬ፣ ወሩ ሲሞላ እርስዎ ራስዎ ይቀቡኛል» ብሎ ማቆየት ቅሬታ አያመጣም።

ከአምስተኛው ቀን እስከ ወሩ

በአምስተኛው ቀን ገደማ ለብ ባለ ውኃ ይታጠቡ። የቧንቧም ይሁን የምንጭ፣ አፍልተው ያቀዝቅዙት። ሽታ የሌለው የሕፃን ሳሙና በመዳፍዎ አረፋ አውጥተው በጣትዎ ሥጋ ቀስ አድርገው ያዳርሱት፤ በጥፍር አይፈትጉ። ኦሞና የልብስ ሳሙና አይሞከርም። በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁ። ከዚያ ሽታ የሌለው ቀላል ቅባት በጣም በስሱ ይቀቡ፤ የሚያብረቀርቅ ከሆነ በዝቷል ማለት ነው።

ቅርፊቱ በራሱ ይርገፍ። በዚህ ሰሞን ብዙ ሰው «ቀለሙ ጠፋብኝ» ብሎ ይሰጋል፤ አንዳንዱ ነጥብ በርግጥ ይፈዛል፣ ሁለተኛው ዙር የተዘጋጀውም ለዚያ ነው። ትክክለኛው መልክ የሚታየው ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። በየሦስት ቀኑ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ እያነሡ በቴሌግራም ለባለሙያው ይላኩ፤ ለጥያቄ ብቻ መንገድ ከመጀመር ያድንዎታል።

ጠበልን በተመለከተ ከልቤ የምናገረው አለኝ። እምነትዎን ማንም አይነካም። ሆኖም ከከፍታ የሚወርድ ውኃ ያልዳነ ቆዳን ይመታል፤ ብዙ ሕመምተኛ በሚጠመቅበት ቦታም ከአንዱ ቁስል ወደ ሌላው የሚተላለፍ ነገር አለ። ቢያንስ ሦስት ሳምንት ራስዎን አይጠመቁ፤ መጠጣቱንና ከአንገት በታች መጠመቁን ከካህኑ ጋር ይነጋገሩበት። ወንዝ ውስጥ መዋኘት፣ የእንፋሎት ባኞ፣ የወይባ ጭስም ይቆዩ።

ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለውን ፀሐይ ይሽሹ፤ መውጣት ካለብዎ ላላ ያለ ሰፊ ባርኔጣ ያድርጉ። ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ ከረገፈና ቆዳው ከዳነ በኋላ የመከላከያ መጠኑ (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰን ስክሪን መቀባት ይጀምሩ። ሹሩባ ለአንድ ወር ይቅር፤ ከዚያም ሲሠሩ ሠሪዋን «ላላ አድርጊው» ይበሏት፤ ያለዚያ ያሳሳው ነገር ዳግም ያሳሳዋል። ወንዶች መላጨት የሚጀምሩት ባለሙያው ሲፈቅድ ነው፤ ያኔም የራስዎ ቶንዶስ ቢኖርዎት ይመረጣል፤ ፀጉር ቤት ከሄዱ በአልኮል እስኪጠረግ ቆመው ይጠብቁ።

መቼ ሐኪም ጋ ይሂዱ?

መጽሐፍ ሁሉ «ቢቀላ» ይላል። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላት በግልጽ ስለማይታይ ሌላውን ምልክት ይከታተሉ። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ሕመሙ መቀነስ ሲገባው ከጨመረ፣ ቦታው ከሌላው ቆዳ ይልቅ ከሞቀ፣ ካበጠና ከጠቆረ፣ መግል ከያዘ፣ ከጆሮ ጀርባ ወይም ከአንገት ላይ ዕጢ ካበጠ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለዎት በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። የተነቀሱ መሆንዎን አፍረው አይደብቁ። ከመድኃኒት ቤት በግምት ካፕሱል ገዝቶ መዋጥ ወይም ካፕሱሉን ፈትቶ መነስነስ አያድንም፤ ሐኪሙ የሚያየውን ምልክት ይሸፍንበታል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነጥቦቹ እየጠጠሩና ከፍ እያሉ ከመጡ ደግሞ ሁለተኛውን ዙር ሰርዘው የቆዳ ሐኪም ያነጋግሩ።

ከዚያ በኋላ

ደም መለገስ ልማድዎ ከሆነ የተነቀሱበትን ቀን ለደም ባንክ ይንገሩ፤ ለወራት እንዲቆዩ ይጠይቁዎት ይሆናል። ኤም.አር.አይ ምርመራ ቢታዘዝልዎትም አስቀድመው ይናገሩ።

ቀለሙ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየፈዘዘ ይሄዳል፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ማደስ ያስፈልገዋል፤ ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው ለሚውል ሰው ከዚያም ሊፈጥን ይችላል። ለማደስ ሲሄዱ የመጀመሪያው ቀለም ስምና ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ይያዙ። የቀረው ፀጉርዎም በእነዚህ ዓመታት ይበልጥ ሳስቶ ወይም ሸብቶ ስለሚሆን መስመሩ ከአዲሱ መልክዎ ጋር ይታረቅ፤ አንዳንድ ጊዜ ከማጥቆር ይልቅ የግንባሩን ጠርዝ እንዲፈዝ መተው ይሻላል።